የከተማ ጎርፍ ስጋት ግምገማ በሳተላይት

የከተማ ጎርፍ ስጋት ግምገማ በሳተላይት ከህዋ በሚሰበሰቡ ምስሎችና ልኬቶች በመታገዝ በአንድ ከተማ ውስጥ ጎርፍ የትኛውን ሰፈር ሊያጠቃ እንደሚችል፣ በዚያም ምን ያህል ሰውና ንብረት እንዳለ አስቀድሞ የመለየት ሥራ ነው። የርቀት ዳሰሳ ከሚባለው የጥናት ዘርፍ ይመደባል።

ስጋት የሚመዘነው በሦስት ነገሮች ነው፦ ጎርፉ የመከሰት ዕድሉና ኃይሉ፣ በመንገዱ ላይ የሚገኙት ሰዎችና ግንባታዎች፣ እንዲሁም ነዋሪው ጉዳቱን የመቋቋም አቅሙ። ሳተላይት ይበልጥ የሚረዳው ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው።

የመረጃ ዓይነቶች

የመሬት ከፍታ፦ ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ባደረገችው የ11 ቀን በረራ የአብዛኛውን የብስ ከፍታ በራዳር ለክታለች። በ30 ሜትር ገደማ ልዩነት ከተለካው ከዚህ መረጃ በመነሳት ውኃ ወዴት እንደሚወርድና የአንድ ወንዝ ተፋሰስ እስከ የት እንደሚደርስ በኮምፒውተር ይሰላል።

የመሬት ሽፋን፦ የላንድሳት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሱ ቆይተዋል። የቀድሞና የአሁን ምስሎች ሲነጻጸሩ ከተማው ወደ የት እንደሰፋ ይታያል። አስፋልት፣ ሲሚንቶና የቆርቆሮ ጣሪያ ውኃ ስለማያሰርጉ ግንባታ ሲበዛ ጎርፉም ይጨምራል።

ዝናብ፦ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ በሌለባቸው ተራሮች ላይ የዘነበውን መጠን ሳተላይቶች ይገምታሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በተጀመረው ጂ.ፒ.ኤም. በተባለው ተልዕኮ በየግማሽ ሰዓቱ የተከፋፈለ ግምት ይዘጋጃል።

ራዳር፦ እንደ ሴንቲኔል-1 ያሉ የራዳር ሳተላይቶች በሌሊትም ሆነ በደመና ውስጥ ማየት ይችላሉ። በገላጣ ሜዳ ላይ የተኛ ውኃ የራዳሩን ሞገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንጸባርቅ በምስሉ ላይ ጠቁሮ ይታያል። በሕንፃዎች መካከል ግን ሞገዱ ከውኃውና ከግድግዳው ነጥሮ ወደ ሳተላይቱ ስለሚመለስ ቦታው ደምቆ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የከተማ ጎርፍ የሚለየው ከጎርፉ በፊትና በኋላ የተነሱ ምስሎችን በማነጻጸር ነው።

ምሳሌ፦ ድሬዳዋ

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን በስተደቡብ ያሉት ተራሮች ከ2,000 ሜትር ይበልጣሉ። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው የደቻቱ ወንዝ ከዚራንና መጋላን ለይቶ ያልፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ደረቅ የአሸዋ መንገድ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከተራሮቹ የወረደ ደራሽ ጎርፍ ነዋሪው በተኛበት ደርሶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትንም አፈናቀለ።

እንዲህ ያለው ጎርፍ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ ያልፋል። አንድ የሴንቲኔል-1 ሳተላይት ግን ያንኑ ምህዋር የሚደግመው በ12 ቀን ነው። ደረቅ አሸዋም በራዳር ምስል ላይ እንደ ውኃ ሊጠቁር ስለሚችል ውጤቱ ያሳስታል። በመሆኑም ለእንዲህ ዓይነት ከተማ የሳተላይት ዋና ጥቅም ጎርፉን ማንሳት ሳይሆን ከክረምቱ በፊት መልስ መስጠት ነው፤ ተፋሰሱ ምን ያህል ስፋት አለው? ተዳፋቱ ምን ያህል ነው? ከወንዙ ዳር የተሠሩት ቤቶች የትኞቹ ናቸው? ከእነዚህ መልሶች ግንባታ የሚከለከልበትን ቦታና የመሸሻ መንገድን መወሰን ይቻላል።

ውስንነቶች

የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ የመከላከያ ግንብን፣ ድልድይንና ቦይን ለይቶ አያሳይም። በከተማ ውስጥ የመሬቱ ከፍታ ከጣሪያው ጋር ተቀላቅሎ ይለካል። በቆሻሻ የተደፈነ ቱቦም ከህዋ አይታይም፤ የቤተሰብ የመቋቋም አቅምም እንዲሁ። ስለዚህ በሳተላይት የተዘጋጀ ካርታ በመስክ ልኬትና የቀድሞ ጎርፍ የት ድረስ እንደደረሰ በሚያስታውሱ ነዋሪዎች ቃል መረጋገጥ አለበት። ካርታው አደገኛውን ቦታ ያመለክታል እንጂ ጎርፉ የሚመጣበትን ሰዓት አይናገርም፤ ለዚህ በተፋሰሱ የላይኛው ክፍል የሚተከሉ የዝናብና የወንዝ መለኪያዎች፣ እንዲሁም ሌሊትም የሚሠራ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያስፈልጋሉ።