ከሞት የተረፈችው ልጅ፦ ጎረምሶችና ኮረዶች በተማሪዎች አስፈሪ ፊልም ታሪክ

አስፈሪ ተረት ለማስፈራት ብቻ አይነገርም። በምሽት እሳት ዳር ስለ ጅብና ስለ ጭራቅ የሚያወጋ ሽማግሌ ማን እንደ ተበላና ማን እንዳመለጠ አብሮ ይናገራል፤ ሰሚውም ልጅ ከፍርሃቱ ጋር አንድ ፍርድ ይዞ ይተኛል። አልታዘዝም ያለው ተበላ፤ ብልኁ አመለጠ። ሲኒማ የተረትን ሥራ ከሽማግሌው ከተረከበ ወዲህ ይኸው ፍርድ አብሮት ተሻግሯል። እንግዲህ በአስፈሪ ፊልም ውስጥ የሚሞተው ማን ነው? የሚተርፈውስ? የሚጮኸው ማን ነው? መሣሪያ የሚያነሣውስ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አንድ ኅብረተሰብ ስለ ወጣቶቹ፣ ይልቁንም ስለ ሴት ልጆቹ የሚያስበውን ይገልጣል። ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ የሚያደርገው ደግሞ ከእነዚህ ፊልሞች መካከል ስመ ጥር የሆኑትን የሠሩት የፊልም ተማሪዎችና ከትምህርት ቤት ከወጡ ብዙ ያልቆዩ ወጣቶች መሆናቸው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ፣ ጎልማሳው ተመልካች ከሲኒማ ቤት እየራቀ ሄደ። በአንጻሩ የኪስ ገንዘብና መኪና ያገኘው ወጣት ከወላጆቹ ዓይን መራቅን ይፈልግ ነበርና፣ ሰው በመኪናው ውስጥ እንደ ተቀመጠ ፊልም የሚያይበት ሜዳ የወጣቶች መገናኛ ሆነ። ይህን ገበያ ቀድመው ከተረዱት ኩባንያዎች አንዱ አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ ነበር። ኩባንያው በ1957 ያወጣው ፊልም ስሙ በአማርኛ ቢመለስ «ጎረምሳ ሳለሁ ተኩላ ሰው ነበርሁ» የሚል ይሆናል። ባለታሪኩ ቶኒ ቁጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ጠባዩን እንዲያርምለት የተላከበት ሐኪም ግን በሰመመን ወደ አውሬነት ይመልሰዋል። በዚያው ዓመት የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ኸርማን ኮኸን የሴት ልጅ አምሳያውን አወጣ፤ በ«ብለድ ኦፍ ድራኩላ» ውስጥ በአዳሪ ትምህርት ቤት የምትኖር ተማሪ በኬሚስትሪ መምህሯ ሰመመን ደም መጣጭ ትሆናለች። በሁለቱም ፊልሞች ልጁ አውሬ ነው፤ አውሬ ያደረገው ግን እንዲያስተምረው ወይም እንዲፈውሰው አደራ የተሰጠው ታላቅ ሰው ነው። ጎልማሳው ወጣቱን ይፈራ ነበር፤ ወጣቱም ጎልማሳውን አያምንም ነበር። ፊልሞቹ ሁለቱንም ፍርሃት በአንድ ትኬት ሸጡ።

እስከዚህ ድረስ ስለ ወጣቶች የሚሠሩት ጎልማሶች ነበሩ። ኋላ ግን በእጅ የሚያዙ ቀላል ካሜራዎች በየዩኒቨርሲቲው ሲገኙና የፊልም ትምህርት ሲስፋፋ ሥራው በወጣቶቹ እጅ ገባ። ጆን ካርፔንተር በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ ነበር። ከጓደኛው ከዳን ኦባነን ጋር በተማሪነት የጀመረው «ዳርክ ስታር» የተባለ ፊልም ተራዝሞ በ1974 ለሕዝብ ታየ። ካርፔንተር ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሠላሳ ዓመት ሲሆነው፣ የመላውን ዘርፍ መልክ የለወጠውን «ሃሎዊን»ን ሠራ።

«ሃሎዊን» የተሠራው በ300,000 ዶላር ገደማ ነው። ታሪኩ በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር በጥቅምት የሚፈጸም ሲሆን ፊልሙ የተነሣው ግን በካሊፎርኒያ በጸደይ ወራት ነበር፤ ስለዚህ የመኸር ቅጠል በቀለም ተዘጋጅቶ በመንገድ ላይ ይበተን፣ ትዕይንቱ ሲያበቃም ለሚቀጥለው ተለቅሞ ይከማች ነበር። የገዳዩ ጭንብል ከሁለት ዶላር በማይበልጥ ዋጋ የተገዛ የአንድ ቴሌቪዥን ተዋናይ ፊት አምሳያ ነበር፤ የዓይኑ ቀዳዳ ሰፋ፣ ፊቱም ነጭ ተቀባ፣ ያ ሁሉ ሽብር ከዚህ ወጣ። ችግር ብልሃትን ይወልዳል እንዲሉ፣ የገንዘቡ ማነስ ፊልሙን ከጌጥ አድኖታል።

የፊልሙን ጽሑፍ ከካርፔንተር ጋር የጻፈችውና ፕሮዲዩሰር የሆነችው ዴብራ ሂል ናት። ሃደንፊልድ የተባለው የታሪኩ ከተማ ስም የተወሰደው እርስዋ ካደገችበት የኒው ጀርሲ ከተማ ነው። በወጣትነትዋ የሰው ልጆች ትጠብቅ ስለ ነበር የሦስቱን ኮረዶች ጭውውት በአብዛኛው የጻፈችው እርስዋ ነበረች። የሎሪ፣ የአኒና የሊንዳ ወሬ ስለ ፈተና፣ ስለ ወንዶችና ስለ ቤት ቁልፍ የሚያወሩ እውነተኛ ልጆች ወሬ የመሰለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም ከሦስቱ ተዋናዮች መካከል በእርግጥ ከሃያ ዓመት በታች የነበረችው ጄሚ ሊ ከርቲስ ብቻ ነበረች፤ ዕድሜዋም 19 ነበር። የቀሩት ሁለቱ ከሃያ አምስት ዓመት አልፈው ነበር። ሲኒማ ኮረዳን ሲያሳይ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው በኮረዳ ስም የቆመችን ሙሉ ሴት ነው።

የፊልሙ ዋና ነገር ያለው በካሜራው አቀማመጥ ላይ ነው። በመክፈቻው ትዕይንት ፓናግላይድ በተባለ፣ ካሜራውን በተሸካሚው አካል ላይ አስሮ ንቅናቄውን በሚያለዝብ መሣሪያ አማካይነት፣ ተመልካቹ አንድን ቤት በገዳዩ ዓይን ይመለከታል፤ ደረጃ ይወጣል፤ እኅቱን ሲገድልም በጭንብሉ ቀዳዳ በኩል ያያል። ከዚያ በኋላ ጭንብሉ ሲወልቅ የስድስት ዓመት ሕፃን ሆኖ ይገኛል። ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ ግን የተመልካቹ ዓይን ቀስ በቀስ ከገዳዩ ወደ ሎሪ ይሸጋገራል፤ በመጨረሻም በቁም ሣጥን ውስጥ ከእርስዋ ጋር ተደብቆ ይንቀጠቀጣል።

የወንድ ጓደኛ ያላቸው አኒና ሊንዳ ይሞታሉ። የሊንዳም ጓደኛ ቢራ ሊያመጣ ወደ ወጥ ቤት ወርዶ ይሞታል። የምትተርፈው ዓይነ አፋርና መጽሐፍ ወዳድ የሆነችው ሎሪ ናት። ሎሪ በሹራብ መሥሪያ መርፌ፣ በልብስ መስቀያ ሽቦና በቢላዋ ገዳዩን ሦስት ጊዜ ትጥለዋለች፤ ይሁን እንጂ መጨረሻ ላይ ሽጉጥ ይዞ መጥቶ የሚያድናት ወንዱ ዶክተር ሉሚስ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው የአገራችን ተረት በኢሊኖይ ተተርኮ የተገኘ ይመስላል።

ፊልሙ በአሜሪካ ብቻ 47 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲያስገባ አስመሳዮች እንደ አሸን ፈሉ። የተገለበጠው ግን የካርፔንተር ጥበብ ሳይሆን የሟቾቹ ዝርዝር ነበር፤ ወንድ የቀረበች ኮረዳ ትሙት፣ ጨዋዋ ትትረፍ የሚል ቀመር ወጣ። ካርፔንተር ራሱ እንዲህ ያለ ስብከት እንዳላሰበ ደጋግሞ ተናግሯል፤ እንደ እርሱ አባባል ሌሎቹ የሞቱት በራሳቸው ጉዳይ ተጠምደው ስላላስተዋሉ ነው፤ ሎሪ ግን ብቸኛ ስለሆነች ታስተውላለች። ይህ መልስ ቅንነት ያለው ነው፤ ሆኖም ሠሪው ያላሰበው ትርጉም ከሥራው አይገኝም ማለት አይደለም። በ1980 ጂን ሲስከልና ሮጀር ኢበርት የተባሉት ሐያስያን በቴሌቪዥን ፕሮግራማቸው እነዚህን አስመሳይ ፊልሞች በሴቶች ላይ የተነሡ ናቸው ብለው ሲያወግዙ «ሃሎዊን»ን ግን ለይተው አመሰገኑ።

ነገሩን በጥልቀት የመረመረችው ግን የጥንት ስካንዲናቪያ ሥነ ጽሑፍ ሊቅ የሆነችው የበርክሊዋ ፕሮፌሰር ካሮል ክሎቨር ናት። በ1987 ባወጣችው ጥናት ይህችን ከሞት የምትተርፍ ልጅ «የመጨረሻዋ ልጅ» ብላ ሰየመቻት። ክሎቨር እንዳስተዋለችው፣ በነዚህ ፊልሞች የወንድ ሞት ፈጣን ሲሆን በሴት ሞት ላይ ካሜራው ይዘገያል። ይሁንና በአዳራሹ ውስጥ የሚበዛው ወጣት ወንድ በመጨረሻ ፍርሃቱንና ተስፋውን የሚጥለው በአንዲት ልጅ ላይ ነው። ክሎቨር ይህን ለሴቶች እንደ ተገኘ ድል አልቆጠረችውም፤ ልጅቱ ብዙ ጊዜ ወንዳወንድ ተደርጋ ስለምትቀረጽ፣ ወንዱ በሴት ስም ስለ ራሱ ይፈራ ይሆናል ብላ ጠረጠረች እንጂ።

በሚቺጋን ደግሞ ሳም ሬይሚና ጓደኞቹ በ1978 ወደ 1,600 ዶላር በሚሆን ወጪ አጭር ፊልም ሠርተው ለባለ ገንዘቦች በማሳየት «ዘ ኢቭል ዴድ»ን ለመሥራት የሚበቃ መዋጮ ሰበሰቡ። ፊልሙ በ1981 ታየ። ካሜራውን በሳንቃ ላይ ቸንክረው በግራና በቀኝ ይዘው በጫካ ውስጥ መሮጣቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በዚህ ፊልም የሚተርፈው ወንዱ አሽ ነው፤ እርሱም በመጀመሪያ በድንጋጤ ደርቆ የሚቆም እንጂ ጀግና አይደለም። ነገር ግን ጋኔን አስቀድሞ የሚሰፍርባቸው ሴቶቹ ናቸው፤ በአንዲት ልጅ ላይ የሚፈጸመውን ግፍ የሚያሳየውን ትዕይንትም ሬይሚ ራሱ ኋላ ከልክ ያለፈ ነበር ብሏል።

ቀመሩን የሚያፈርሱት ቀስ በቀስ መጡ። በ1982 «ዘ ስላምበር ፓርቲ ማሳከር»ን ሪታ ሜ ብራውን ጽፋ ኤሚ ጆንስ አዘጋጀችው፤ በዚህ ፊልም የስልክ መስመር የምትጠግነው ቴክኒሻን ሴት ናት፤ ገዳዩንም የሚያሸንፉት ኮረዶቹ ተባብረው ነው። በ1984 የወጣው የዌስ ክሬቨን «ኤ ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» ባለታሪክ ናንሲ ፖሊስ አባትዋ በሰዓቱ ሳይደርስላት ሲቀር፣ ከመጽሐፍ ባነበበችው መሠረት በበሩ ላይ መዶሻ ሰቅላ፣ በአምፖል ውስጥ ባሩድ ጨምራ ቤትዋን ወጥመድ ታደርገዋለች። ተረቱ እዚህ ላይ ተሰበረ፤ ያወቀችው ሴት ራስዋ ልትጨርሰው ተነሣች። በ1996 ደግሞ በ«ስክሪም» ውስጥ ወጣቶቹ ቀመሩን በቃላቸው አጥንተው እርስ በርሳቸው ይጠያየቁበታል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ወደ ተማሪዎች ተመልሷል። በብሪታንያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሚዲያ የሚማሩ ልጆች ሁለት ደቂቃ የሚሆን የፊልም መክፈቻ ሠርተው፣ ወጣቶችንና ጾታን እንዴት እንዳሳዩ በጽሑፍ እንዲያብራሩ የተጠየቁበት ጊዜ ነበር። አስፈሪ ፊልም ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ጨለማ፣ ጫካና የምትሮጥ አንዲት ልጅ ይበቃሉ። ጥያቄው ግን ከባድ ነው፤ የምትሮጠው ለምን ልጅቱ ሆነች? የቀድሞን ንድፍ ሳይመረምር የሚገለብጥ መሐንዲስ ስሕተቱንም አብሮ ይገለብጣል፤ ድልድዩ ቢቆምም ስንጥቁ በውስጡ ይኖራል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ካሜራዋን በጓደኛዋ ላይ ከማነጣጠርዋ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ከጠየቀች፣ ሁለቱ ደቂቃ ብዙ አስተምረዋታል ማለት ነው።