የሊድስ ሕፃናት ቃል ኪዳን

ክፉ ልማድን ሥር ከሰደደ በኋላ ከመንቀል፥ ገና ሳይበቅል መከላከል እንደሚሻል አባቶቻችን ሲያስረዱ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ምክሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቅጠሉን መያዝ የሚገባው እጅ የማን ነው? የሕፃኑ ነውን ወይስ የታላላቆቹ? ይህን ለመመለስ በእንግሊዝ አገር ክርስቲያኖች ሕፃናትን ከመጠጥ ለመጠበቅ ያቋቋሙትን ማኅበር ታሪክ መመርመር ይጠቅማል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊድስ በሰሜን እንግሊዝ ያለች፥ በሱፍና በተልባ እግር ጨርቅ ሥራ የበለጸገች ከተማ ነበረች። ይሁን እንጂ የፋብሪካው ጢስ ሰማይዋን ያጠቁረው፥ የቤቶቹም እድፍ ወንዟን ያበላሸው ነበር። በ1832 የገባው የኮሌራ በሽታ ብዙ ሰው ፈጀ። በ1833 የወጣው ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በጨርቅ ፋብሪካ እንዳይሠራ ከለከለ፤ 9 ዓመት የሞላው ግን በቀን እስከ 9 ሰዓት መሥራት ይችል ነበር። ውሃው የማይታመን ስለ ሆነ፥ ቢራ እንደ ምግብ ተቆጥሮ ለትልቁም ለትንሹም ይሰጥ ነበር። ከዚህም በላይ በ1830 የወጣው የቢራ ሕግ፥ ግብር የሚከፍል ሰው ጥቂት የፈቃድ ገንዘብ ከፍሎ ቢራ እንዲሸጥ ስለ ፈቀደ፥ መጠጥ ቤቶች በየመንገዱ በዙ። አባት ከሥራ ሲመለስ ወደዚያ ይገባል፤ ወይም ልጁን ማሰሮ አስይዞ ቢራ እንዲያስቀዳ ይልከዋል። ልጁም የመጀመሪያውን ጉንጭ በመመለሻው መንገድ ላይ ይቀምሳል።

መጠጥን ፈጽሞ የመተው ሐሳብ አስቀድሞ በታላላቆች መካከል ተነሥቶ ነበር። በ1832 በፕሬስተን ከተማ ጆሴፍ ሊቭሲ የሚባል የአይብ ነጋዴና ስድስት ባልንጀሮቹ የሚያሰክር መጠጥ ላለመቅመስ ቃል ገብተው ፈረሙ። ዳሩ ግን ልማድ የጸናበትን ሰው ከመጠጥ ማላቀቅ እጅግ አድካሚ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አንዳንዶች ዓይናቸውን ወደ ልጆች መለሱ።

ከነዚህም አንዷ አን ጄን ካርላይል ነበሩ። እኚህ ሴት በ1775 በአየርላንድ የተወለዱ፥ ባላቸው ቄስ የነበሩ መበለት ናቸው። በደብሊን ወኅኒ ቤት ያሉትን ሴቶች እየጎበኙ ሲያጽናኑ፥ ብዙዎቹን ለእስራት ያበቃቸው መጠጥ መሆኑን ተረዱ። በ1847፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ካለፈ በኋላ፥ ወደ ሊድስ መጥተው ሕፃናትን አስተማሩ። በዚያው ዓመት ጄቤዝ ቱኒክሊፍ የሚባሉ የከተማው የባፕቲስት ቄስ፥ መጠጥ ጎድቶት በወጣትነቱ ለሞት የቀረበ አንድ ሰው ሊጠይቁ ገቡ። ሰውዬው፥ ልጆችን ስለ መጀመሪያዪቱ ብርጭቆ እንዲያስጠነቅቁለት እንደ ለመናቸው ይተረካል። ልብ አድርጉ፤ ስለ መጨረሻዪቱ ሳይሆን ስለ መጀመሪያዪቱ ነው የለመናቸው። የመጨረሻዪቱን ለመተው ኃይል ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያዪቱን ለመተው ግን እንቢ የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች።

በ1847 መኸር ላይ 300 ያህል ሕፃናት ተሰብስበው ማኅበሩ ተመሠረተ። ስሙም «ባንድ ኦፍ ሆፕ» ተባለ፤ የተስፋ ጭፍራ ማለት ነው። ልጆቹ የሚያሰክር መጠጥ ላለመጠጣት ቃል ኪዳን ገብተው ይፈርማሉ። ሆኖም ሥራው በፊርማ አያበቃም ነበር። እየተሰበሰቡ ይዘምራሉ፥ ተረትና ታሪክ ይሰማሉ፥ በቃላቸው ያጠኑትን ይናገራሉ፤ በመብራት ኃይል በግድግዳ ላይ የሚታይ ሥዕልም ይመለከታሉ። በበጋ ሽርሽር ይሄዳሉ። ከ1851 ጀምሮ በየወሩ የሚታተም የራሳቸው ጋዜጣ ነበራቸው። በ1855 የአገሩ ማኅበሮች በአንድነት ተባበሩ። በ1897 የኀምሳ ዓመት በዓላቸውን ሲያከብሩ የአባሎቹ ቍጥር ከ3 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር።

ታዲያ ሁሉም ቃላቸውን ጠበቁን? አልጠበቁም። ብዙዎች አድገው ወደ ሥራ ሲገቡ እንደ ጓደኞቻቸው ጠጡ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በጭብጨባ መካከል የተፈረመ ወረቀት ብቻውን ሰውን አያጸናም። ከአስተማሪዎቹም መካከል ልጆችን ለማስፈራራት ነገሩን የሚያጋንኑ ነበሩ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ሕፃኑ በአዳራሽ ቃል ገብቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ያንኑ ማሰሮ አስይዞ የሚልከው አባቱ ነበረ። ታላላቆች ያልተሸከሙትን ሸክም በልጅ ትከሻ ላይ መጫን ፍርድ አይደለም።

የማኅበሩ መሪዎች ይህን ስለ ተገነዘቡ፥ ሕግ እንዲወጣ ከሌሎች ጋራ ሆነው ተከራከሩ። በ1886 የወጣው ሕግ 13 ዓመት ላልሞላው ልጅ በመጠጥ ቤት ውስጥ የሚጠጣውን መሸጥ ከለከለ። በ1901 ደግሞ 14 ዓመት ያልሞላው ልጅ፥ በደንብ ተዘግቶ ከታሸገ ዕቃ በቀር መጠጥ እንዳይሰጠው ተወሰነ። በዚህ ጊዜ ያ ማሰሮ ከልጁ እጅ ወደቀ። በ1908 የወጣው የሕፃናት ሕግ፥ ልጆች ወደ መጠጥ መሸጫው ክፍል እንዳይገቡና 16 ዓመት ላልሞላው ሲጋራ እንዳይሸጥለት አዘዘ።

በሃያኛው መቶ ዓመት የአባሎቹ ቍጥር እየቀነሰ ሄደ፤ የልጆቹም ፈተና ከመጠጥ ወደ ልዩ ልዩ አደንዛዥ ዕፅ ሰፋ። ማኅበሩ በ1995 ስሙን «ሆፕ ዩኬ» ብሎ ለውጦ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ማስተማርን ሥራው አደረገ። በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያወጣው መመሪያም፥ ማስፈራራትና ንግግር ብቻ ልጆችን እንዳልጠበቀ፥ ይልቁንም ልጆች እየተነጋገሩና እየተለማመዱ እንቢ ማለትን ሲማሩ ፍሬ እንደሚገኝ ገልጿል። ከዚህ ስናየው፥ የሊድሱ ማኅበር ጥንካሬ በሚያስፈራው ንግግር ሳይሆን፥ ለልጁ በሚሰጠው መልካም ጓደኛና ደስታ ላይ ነበረ ለማለት ይቻላል።

እንግዲህ ቅጠሉን መያዝ የሁለት እጆች ሥራ ነው። ልጁ የመጀመሪያዪቱን ብርጭቆ እንቢ ይበል፤ ታላቁም ብርጭቆዋን ከፊቱ ያንሣለት። ወጣቶች ሆይ፥ ማሰሮ ይዞ የሚላክ ልጅ በሊድስ ብቻ የነበረ አይምሰላችሁ። እናንተ ዛሬ ለታናናሾቻችሁ ታላላቆች ናችሁ። ታናሽ ወንድማችሁን አረቄ ወይም ሲጋራ ገዝቶ እንዲያመጣ የሚልከው ሰው ሲመጣ፥ ልጁ እንቢ ለማለት አፉ ቢያጥረው፥ ስለ እሱ ሆናችሁ እንቢ በሉ።