የንጉሡ ጎመንና የመነኩሴው ዶማ

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ሲነበብ የሰማ ሰው ሁሉ የዲዮቅልጥያኖስን ስም ያውቃል። ስሙ በተጠራበት ስፍራ ሁሉ ሰይፍና እሳት፣ ወህኒና ስደት ይከተላሉ፤ በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ሰማዕታት እየተባለ የሚቈጠረውም ዘመን መነሻው እርሱ የነገሠበት 284 ዓ.ም. ነው (ይህም ከዚህም በታች የተጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ይህ ሰው በዕድሜው ማታ ዙፋኑን ትቶ አትክልተኛ እንደ ሆነ፣ ጎመንም በገዛ እጁ እንደ ተከለ ግን ብዙ ሰው አያስተውልም። ነገሩ መነሣቱ ንጉሡን ለማመስገን አይደለም። በዚያው የመከራ ወራት፣ ከቤተ መንግሥት ርቀው፣ ሌሎች ሁለት ሰዎችም አፈር ይቈፍሩ ነበርና፣ ሦስቱን ጐን ለጐን ያየ ሰው ቤትና አትክልት ለተጨነቀ ልብ እስከ ምን ድረስ እንደሚበቃ ሊመዝን ይችላል።

ዲዮቅልጥያኖስ በድልማጥያ አገር ከዝቅተኛ ወገን ተወልዶ በወታደርነት ያደገ ሰው ነበር። መንግሥቱ ለአንድ ራስ እንደማይቻል ባየ ጊዜ ባልንጀራውን መክስምያኖስን ተካፋይ አደረገው፤ በ293 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ሰዎች ጨምሮ ሥልጣኑን ለአራት ከፈለው። ብልህ አስተዳዳሪ መሆኑን ጠላቶቹም አይክዱም። ዳሩ ግን በ303 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትም እንዲቃጠሉ አዘዘ፤ ደም እንደ ውሃ ፈሰሰ። በማግሥቱ ዓመት ጽኑ ሕመም ያዘው፤ ሞተ ተብሎ እስኪወራ ድረስ ከሰው ዓይን ተሰወረ። በተነሣ ጊዜም መልኩ ተለውጦ ያወቀው ጥቂት ሰው ነበር። ከዚህ በኋላ በ305 ዓ.ም. በግንቦት ወር በኒቆምድያ አጠገብ በሠራዊቱ ፊት ቆሞ የመንግሥቱን ልብስ አወለቀ። ከሮም ነገሥታት ወዶ ከዙፋን የወረደ የመጀመሪያው እርሱ ነው።

የሄደውም ወደ ተወለደበት አገር ነው። ከሰሎና ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ዛሬ ስፕሊት በሚባለው ስፍራ፣ በባሕር ዳር አስቀድሞ ያሠራው ቤት ነበረው። ቤት ማለትም ያንሰዋል፤ ርዝመቱ 215፣ ወርዱ 180 ሜትር የሚያህል፣ በግንብና በማማ የታጠረ አምባ ነበር። ነጩ ድንጋይ በማዶ ካለው ከብራች ደሴት መጣ፤ ዓምዶቹ ከግብጽ ተጫኑ፤ ስፊንክስ የሚባሉት የአንበሳ አካልና የሰው ራስ ያላቸው ምስሎችም አብረው መጡ። ይህ ሁሉ ክብር በዙሪያው ሳለ ሽማግሌው ደስ ያለው በጎመኑ ነው። በ308 ዓ.ም. በዳኑብ ወንዝ አጠገብ በካርኑንቱም ጉባኤ በሆነ ጊዜ መክስምያኖስና ገሌርዮስ ተመልሶ እንዲነግሥ ለመኑት፤ እርሱም በሰሎና በእጁ የተከለውን ጎመን ቢያዩት ኖሮ ይህን ልመና ባላነሡት ነበር ብሎ እንደ መለሰላቸው አንድ ጥንታዊ የሮም ታሪክ ይናገራል። «ጎመን በጤና» የሚለውን የአገር ተረት ሳይሰማ ፍቺውን አገኘው ማለት ይቻላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጦርና ግብር ሲያሰላ የኖረ አእምሮ፣ ዘር መቼ እንደሚበቅልና ውሃ ስንት ቀን እንደሚበቃው በማሰብ ማረፉ ሐሰት አይደለም። አፈር የአሳዳጁንም እጅ አይመልስም።

ዕረፍቱ ግን አልዘለቀም። ልጁ ቫሌርያ የገሌርዮስ ሚስት ነበረች። ባሏ በ311 ዓ.ም. ሲሞት መክስሚኖስ የተባለው ገዢ ሊያገባት ፈለገ፤ እንቢ ባለችው ጊዜ ሀብቷን ቀምቶ ከእናቷ ከፕሪስካ ጋር ወደ ሶርያ አሳደዳት። አባትዮው ልጁን ይሰዱለት ዘንድ ደጋግሞ መልእክት ላከ፤ የሰማው የለም። ዓለምን በአንድ ቃል ያንቀሳቅስ የነበረ ሰው አንዲት ሴት ልጅ ከስደት ማስመለስ አልቻለም። ምስሎቹ ከመክስምያኖስ ምስሎች ጋር ሲወርዱ ሰማ። በዘመኑ የነበረው ክርስቲያናዊ ጸሐፊ ላክታንትዮስ፣ ሽማግሌው እንቅልፍና መብል ተለይተውት እየቃተተ ይገላበጥ እንደ ነበረ ጽፏል። ላክታንትዮስ ለአሳዳጅ የሚራራ ጸሐፊ አይደለምና ቃሉን በመጠን መቀበል ይገባል፤ ሆኖም የልጅ መከራ ማንንም አባት እንቅልፍ የሚነሣ ነው። ቫሌርያና እናቷ የተራ ሰው ልብስ ለብሰው ከአገር ወደ አገር ሲሸሹ ኖረው፣ በመጨረሻ በተሰሎንቄ ታወቁና በሊቂንዮስ ዘመን ተሠየፉ፤ ሬሳቸውም ወደ ባሕር ተጣለ።

ሁለተኛው አትክልተኛ ፎቃስ ይባላል፤ በጳንጦስ ባሕር ዳር በሲኖፔ ከተማ በር አጠገብ ጥቂት መሬት ነበረው። ታሪኩን በስብከት ያቈየው የአማስያው ኤጲስ ቆጶስ አስቴርዮስ ነው፤ ትውፊትም ሰማዕትነቱን ከዲዮቅልጥያኖስ ስደት ይቈጥረዋል። ሊገድሉት የተላኩ ወታደሮች ማንነቱን ሳያውቁ ከቤቱ አደሩ። አበላቸው፤ አጠጣቸው፤ የሚፈልጉትን ሰው ነገ አሳያችኋለሁ አላቸው። ሌሊቱን ሁሉ ተኝተው ሳሉ ዶማውን አንሥቶ በአትክልቱ መካከል መቃብሩን ቈፈረ። በነጋ ጊዜ እኔ ነኝ ቢላቸው እንጀራውን በልተዋልና እጃቸውን ለማንሣት አፈሩ፤ የታዘዙትን እንዲፈጽሙ የለመናቸው እርሱ ነው። ኋላም መርከበኞች ከስንቃቸው ላይ ለፎቃስ አንድ ድርሻ እየለዩ፣ ዋጋውን ወደብ ሲደርሱ ለድኾች ይሰጡ ነበር። ባለ አትክልቱ ከሞተም በኋላ እንግዳ መቀበሉን አልተወም ማለት ነው።

ሦስተኛው ቅዱስ እንጦንስ ነው። የአትናቴዎስ መጽሐፍ ከግሪክ ቋንቋ ወደ ግእዝ ቀድመው ከተመለሱት አንዱ ስለ ሆነ፣ ለኢትዮጵያ ካህናት እንግዳ አይደለም፤ ጸሐፊው አትናቴዎስም ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው እርሱ ነው። በ311 ዓ.ም. ስደቱ በእስክንድርያ በበረታ ጊዜ፣ ጴጥሮስ ተፍጻሜተ ሰማዕትም በተገደለበት ዓመት፣ እንጦንስ ከበረሃ ወርዶ በወህኒና በማዕድን ጉድጓድ የታሰሩትን ሲያገለግል፣ ወደ ፍርድ አደባባይም ሲሸኛቸው ቈየ። ከነርሱ ጋር መሞትን ወደደ፤ አልሆነለትም። ስደቱ ሲበርድ ሕዝቡ በደጁ ተከማችቶ ዕረፍት ስለ ነሣው ከዐረብ ነጋድያን ጋር ሦስት ቀን ከሦስት ሌሊት ተጕዞ ወደ ውስጠኛው ተራራ ገባ። ከሰው በመሸሹ ከንጉሡ አይለይም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም።

በተራራው ሥር ጥሩ ውሃና ጥቂት የተምር ዛፎች አገኘ። በመጀመሪያ እንጀራ ያመጡለት የነበሩት መንገደኞቹ ናቸው። ሰዎች በእርሱ ምክንያት እንዲህ መድከማቸውን ሲያይ ዶማ፣ መጥረቢያና ጥቂት የስንዴ ዘር እንዲያመጡለት ለመነ፤ ውሃ የሚደርስበትን መሬት መርጦ ቈፈረ፤ ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሁሉ እንጀራው ከእጁ ሆነ። በዚህም አልበቃውም። የሚጠይቁት ሰዎች እየበዙ ሲመጡ፣ በዚያ ጭንቅ መንገድ የደከመው እንግዳ ጥቂት እንዲጽናና ብሎ አትክልት ጨምሮ ተከለ። አራዊት ውሃ ሊጠጡ እየመጡ ሰብሉን ቢያበላሹበት አንዱን በቀስታ ይዞ፣ ያልበደላቸውን ሰው ለምን እንደሚበድሉ በየዋህነት ጠየቀ፤ ከዚያም ወዲያ አልቀረቡም ይላል አትናቴዎስ። ስንቅ ላመጡለትም ወንድሞች የሠራውን ቅርጫት ይሰጥ ነበር። በስተርጅናው መነኮሳቱ ለምነው በየወሩ ወይራ፣ ጥራጥሬና ዘይት እስኪያመጡለት ድረስ ዶማው ከእጁ አልወጣም።

ይህ የእጅ ሥራ ከየት እንደ ተማረው በገዳማት የሚተረክ ታሪክ አለ። አንድ ቀን ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ሐኬትና የሐሳብ ጨለማ ወረደበት፤ መዳን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልተወኝም እያለ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ጥቂት ወጣ ቢል እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ሲሠራ፣ ከሥራው ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጕን፣ ዳግመኛም ለጸሎት ሲነሣ አየ። መልአክ ነበር፤ እንዲሁ አድርግ ብሎትም ሄደ። ስለ መከራው ምክንያት አንዳች ቃል አልተነገረውም፤ ለተጨነቀው ሰው የታየው ገመድ የሚጎነጕን እጅ ብቻ ነው። ጸሎቱን ሥራው አላስተጓጐለበትም፤ ሥራውንም ጸሎቱ። በጭንቅ ቀን የሰው ልብ ሳይታረስ እንደ ቀረ መሬት አረም የሚያበዛ መሆኑን ለሚያውቅ፣ ይህ ትንሽ ምክር አይደለም።

ንጉሡና መነኩሴው በአንድ ዘመን አፈር ነክተዋል፤ ሁለቱም ተጽናንተዋል። የአንዱ ጎመን የሚነግሥበትን ጥሪ የሚመልስበት ምክንያት ሆነ፤ የሌላው አትክልት ግን ገና ያልመጣውን መንገደኛ ይጠብቅ ነበር። እንጦንስ በ356 ዓ.ም. በ105 ዓመቱ ሲያርፍ የሚያወርሰው አንዱን የበግ ለምድና የሚነጠፍለትን መጐናጸፊያ ለአትናቴዎስ፣ ሌላውን ለምድ ለሰራፕዮን፣ የጠጕር ልብሱንም ላገለገሉት ሁለት ደቀ መዛሙርት ሰጠ፤ ቤተ ክርስቲያንም በጥር 22 ታስበዋለች።

የባሕር ዳሩ አምባ ደግሞ ሌላ ነዋሪ አገኘ። በ7ኛው መቶ ዓመት አቫርና ስላቭ የተባሉ ሕዝቦች ሰሎናን ባጠፉ ጊዜ ከሞት የተረፉት ሰዎች ወደ ግንቡ ሸሽተው በየአዳራሹ ውስጥ ጐጆአቸውን ቀለሱ። ዲዮቅልጥያኖስ ለሬሳው ያሠራው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ የተሰየመውም በ304 ዓ.ም. በሰሎና አንገቱን በተቈረጠው በኤጲስ ቆጶሱ በዶምንዮስ ስም ነው። የንጉሡ የሬሳ ሣጥን በዚያ የለም። ከግብጽ የመጣው ጥቁር ስፊንክስ ግን ከደጃፉ አጠገብ ዛሬም ተጋድሟል፤ በበላዩ ደወል ይደወላል፤ በአምባው ውስጥም ሰዎች ይኖራሉ።