ቦርድ ስንል የትኛውን?

በባሕር ዳር የሁለት ትምህርት ቤቶች ስም በሕዝብ አፍ አጥሮ የአካባቢ መጠሪያ ሆኗል። በሶቪየት ኅብረት ትብብር እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ «ፖሊ» ተባለ፤ በ1972 በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ደግሞ «ፔዳ»። በ2000 ሁለቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑም ስሞቹ አልጠፉም። ስም የሚጸናው ተናጋሪው ሲቀበለው መሆኑን ለማየት ከዚህ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በኤሌክትሮኒክስ ሙያም «ቦርድ» እንዲሁ ጸንቷል፤ ሊነቀል አይገባውም። የጎደለው ባዶውን ከተሞላው መለየት ነው።

ባዶው ቦርድ መዳብ የተለበጠበት ስስ ፋይበርግላስ ነው። የመስመሮቹ ንድፍ መዳቡ ላይ በመከላከያ ቀለም ይታተማል፤ ከዚያ ቀለም ያልሸፈነው መዳብ በኬሚካል ታጥቦ ይሄድና መስመሮቹ ብቻ ይቀራሉ። ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ፓውል አይስለር በ1930ዎቹ ለንደን ውስጥ በዚህ መንገድ ሬዲዮ ሠርቷል። ሬዚስተሩ፣ ካፓሲተሩና አይሲው የሚበየዱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ቦርዱ ሌላ ዕቃ ሆኗል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ጉዳዩ ያለ ክርክር አልቀናቸውም። በ1957 በአሜሪካ የተመሠረተው የአምራቾች ማኅበር አይፒሲ በቃላት መመዘኛው የታተመ ሽቦንና የታተመ ሰርኪዩትን ለይቷል፤ የመጀመሪያው ማገናኛ መስመር ብቻ ያለው፣ ሁለተኛው የታተሙ ዕቃዎችንም የያዘ ነው። ለሁለቱም የጋራ መጠሪያ «የታተመ ቦርድ» አለ፤ ዕቃ ለተገጠመለት ሌላ ስም ሰጠ። በየሱቁ ግን ሁሉም ፒሲቢ (የታተመ ሰርኪዩት ቦርድ) ይባላል።

«ቦርድ ባዕድ ነው፤ ሰሌዳ እንበል» የሚሉ አሉ። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የቆመለት ዓላማ ክቡር ነው፤ አማርኛ ሳይንስን መሸከም ይችላል። ይሁንና ሰሌዳ መምህሩ የሚጽፍበትም፣ የመኪና ታርጋም ነው፤ ሦስተኛ ሸክም ቢጨመርበት መምታታቱ ይብሳል እንጂ አይቀልም። ስልክም በዓረብኛ ሽቦ ማለት ነበር፤ ዛሬ ሽቦ የሌለውን ሞባይል ስንጠራበት ባዕድነቱ ትዝ የሚለው የለም።

ሌላው መቃወሚያ «ጠጋኙና ደንበኛው በአንድ ቃል ይግባባሉ» የሚለው ነው። ፊት ለፊት ሆነው ዕቃው መሃላቸው ሲቀመጥ እውነት ነው። ትእዛዝ በጽሑፍ ሲላክ ግን «አምሳ ቦርድ» ማለት አምሳ ባዶ ፋይበርግላስ ወይም አምሳ ያለቀ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋቸው አይቀራረብም። ብልሽትም እንዲሁ ነው፦ የተቆረጠ መስመር በሽቦ ድልድይ ይጠገናል፤ የተቃጠለ አይሲ ይቀየራል። «ቦርዱ ተበላሽቷል» የሚለው ደረሰኝ የትኛው እንደሆነ አይናገርም።

ስለዚህ «ባዶ ቦርድ» እና «የተሞላ ቦርድ» ይበቃሉ። በባሕር ዳር ኤሌክትሮኒክስ የምታስተምሩ መምህራን፣ ልዩነቱን ከመጀመሪያው የቤተ ሙከራ ወረቀት ጀምራችሁ አስለምዱልን።