«ወተት በጉንጬ»፦ የወሎ ማሽላና የልውጠ ሕያው ክርክር

ከአጅባር ደጋ ላይ ገብስና ስንዴ ይታጨዳል። ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወረድ ማሽላ ይተካዋል፤ በመካነ ሰላም በኩል ወደ ዓባይ የሚወርድም መንገድ እንዲሁ ነው። የወሎ ገበሬ ለማሽላ ዘሩ ስም አይቸግረውም። በቁመቱ፣ በቀለሙ፣ በጣዕሙ ይጠራዋል። ከእነዚህ ስሞች ሁለቱ ባሕር ተሻግረው በሳይንስ መጽሔት ተጽፈዋል፦ «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ»። ላቦራቶሪ እስኪገቡ ድረስ ስሞቹ ተራ ሙገሳ ይመስሉ ነበር።

በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጋ የማሽላ ዓይነት መረመሩ። የፈለጉት ላይሲን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል ነው። ሰውነት ራሱ ሊሠራው አይችልም፤ ከምግብ መገኘት አለበት። ተራ ማሽላ ደግሞ በዚህ ድሃ ነው፤ በማሽላ ብቻ የሚያድግ ሕፃን ጠግቦም ሊቀጭጭ ይችላል። ከዚያ ሁሉ ክምችት በላይሲን እጅግ ልቀው የተገኙት ሁለት ዘሮች ነበሩ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው፤ የመጡትም ከወሎ ነው። ግኝቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ወሎ በረሀብ የምታልቅበት፣ መንግሥትም ረሀቡን የደበቀበት ዘመን። የዓለም ምርጥ ማሽላ ያለው ሕዝብ በዚያው ዓመት በመንገድ ዳር ወደቀ። ይህን አጋጣሚ ልብ ማለት ይገባል፤ ዛሬም ረሀብን በዘር ብቻ ለመፍታት የሚቸኩል ብዙ ነውና።

በኋላ የአለማያው የማሽላ ተመራማሪ ብርሃኔ ገብረኪዳንና ባልደረባቸው ይልማ ከበደ ገበሬው እነዚህን ዘሮች እንዴት እንደሚያለማቸው አጠኑ። ገበሬው ለብቻ አይዘራቸውም፤ ከሌላው ማሽላ ጋር አሰባጥሮ ነው። እሸቱ ሳይደርቅ ተጠብሶ ይበላል። ምርታቸው አነስተኛ፣ ሲደርቁም ፍሬያቸው የተጨማደደ መሆኑን ያውቃል፤ የሚያቆያቸው ለጣዕማቸው ነው። ላይሲን የሚባል ቃል ሳይሰማ፣ ምርት የማይሰጥ ዘር ለትውልድ አቆይቷል። ምርትን ብቻ የሚቆጥር የዘር ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ እነዚህን ዘሮች በመጀመሪያው ዓመት ይጥላቸው ነበር።

አዳቃዮች ያን ባሕርይ ወደ ምርታማ ማሽላ ለማሻገር ብዙ ደከሙ። የተጨማደደው ፍሬ ግን አብሮ እየመጣ አስቸገረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሌላ መንገድ ተጀመረ። በቢል እና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ፣ በኬንያዊቷ ሳይንቲስት ፍሎረንስ ዋምቡጉ ድርጅት መሪነትና በአሜሪካው የዘር ኩባንያ ፓዮኒር ተሳትፎ፣ ላይሲንና ቫይታሚን ኤን የሚያበለጽግ ማሽላ በዘረ መል ምህንድስና ለመሥራት ታቀደ። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ሆኖም ወሎ ማሳ ውስጥ የነበረ ባሕርይ በሌላ በር፣ በሌላ ባለቤት እጅ ሊመለስ ነበር።

የሚገርመው የደቡብ አፍሪካ መልስ ነው። ልውጠ ሕያው በቆሎ ለዓመታት የምታመርተው ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ2006 ያንን ማሽላ በመስታወት ቤት ውስጥ እንኳ ለመሞከር የቀረበውን ጥያቄ መጀመሪያ ከለከለች፤ የፈቀደችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በቆሎ የአሜሪካ ምድር ተክል ስለሆነ በአፍሪካ የዱር ዘመድ የለውም። ማሽላ ግን አፍሪካዊ ነው፤ ብናኙ ከዱር ማሽላ ጋር ይዳቀላል። ደቡብ አፍሪካ ይህን ከፈራች የማሽላ መፍለቂያ የሆነች ኢትዮጵያ ምን ትበል?

ኢትዮጵያ መልሷን ቀደም ብላ ሰጥታ ነበር። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የአፍሪካን ተደራዳሪዎች መርተው ከእህል ላኪ ሀብታም አገሮች ጋር ተፋጠጡ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 ካርታኼና ላይ የተደረገው ድርድር ፈረሰ፤ በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ ግን ስምምነቱ ጸደቀ፦ ልውጠ ሕያው ዘር ወደ አንድ አገር ከመግባቱ በፊት ያ አገር አውቆ መፍቀድ ወይም መከልከል ይችላል። ተወልደ በዚያው ዓመት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ከእርሳቸው በፊት በ1989 ሽልማቱን የወሰዱት ሌላው ኢትዮጵያዊ መላኩ ወረደ ናቸው። መላኩ የመሩት በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል፣ ድርቅ ገበሬውን ዘሩን እንዲበላ ባስገደደበት ዘመን ከወሎና ከሸዋ የአገሬ ዘሮችን ሰብስቦ አድኗል። የጠነከረው የኢትዮጵያ አቋም ከዚህ ታሪክ የተወለደ ነው፤ ሳይንስ ጠል ሰዎች የፈጠሩት አይደለም።

አቋሙ በደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ሕግ ሆነ። ሕጉ ግን እጅግ ጠባብ ወጣ። የመንግሥት ተመራማሪ ሙከራ ለማድረግ እንኳ ተቸገረ። መከልከል የሚችል መንግሥት መመርመርም መቻል አለበት፤ ያልመረመረ የሚከለክለው በፍርሃት፣ የሚፈቅደውም በግፊት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 በሩ ተከፈተ። አስተዋይ እርምጃ ነበር። ፍጥነቱ ግን አጠያያቂ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ከሕንድ ኩባንያ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ድቅል ዝርያዎች ለምርት ተፈቀዱ፣ ልውጠ ሕያው በቆሎም በተከለለ ማሳ እንዲሞከር ፈቃድ አገኘ።

የቢቲ ጥጥ ጥቅም እውነተኛ ነው። ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደው ዘረ መል የጥጥ ፍሬ የሚቦረቡረውን ትል ይገድላል፤ ገበሬው የሚረጨው ኬሚካል ይቀንሳል። «ልውጠ ሕያው የበላ ይታመማል» የሚለው የመንደር ወሬም ማስረጃ የለውም፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሰፊ ግምገማ ለገበያ የቀረቡት ምግቦች ከተለመዱት የበለጠ ለጤና አደገኛ ስለመሆናቸው አሳማኝ ማስረጃ አላገኙም። ችግሩ ድቅል መሆኑ ላይ ነው። ድቅል ዘር ከምርቱ ተቀንሶ ለከርሞ ሲዘራ ባሕርይው ይበታተናል፤ በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው። ቡርኪና ፋሶ ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት፦ ቢቲ ጥጧ ትሉን ቢቋቋምም የጭረቱ ርዝመት አጥሮ ገበያ ላይ ዋጋዋን ስለጎዳው እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ቀድሞው ዘር ተመለሰች።

እንሰት ሌላ ጉዳይ ነው። የአጠውልግ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ በሽታውን የሚቋቋም እንሰት በዘረ መል ምህንድስና ቢገኝ ችግኙ የሚባዛው ከግንዱ ስለሆነ ገበሬው ለጎረቤቱ ቆርጦ ይሰጣል፤ በየዓመቱ ሻጭ አያስፈልገውም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቃል መደገፍም ሆነ ማውገዝ የስንፍና ነው። ለእያንዳንዱ ሰብል የሚጠየቀው ይለያያል፦ የዱር ዘመዱ እዚህ አለ ወይ? ዘሩን ማን ይይዘዋል? ጉዳት ቢመጣ ማን ይከፍላል?

ማሽላ ላይ ሦስቱም ጥያቄዎች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የቆላው ገበሬ ዘሩን የሚያገኘው በአብዛኛው ከራሱ ጎታ፣ ከዘመዱ ወይም ከገበያ ነው። የሰፈሩለት ቁና ላይ የኩባንያ ምልክት የለም፤ ዘሩን የሚለየው በዓይኑና በምላሱ ነው። በተከለለ ማሳ ዙሪያ የሚለካው ርቀት እንዲህ ባለ ገበያ መካከል ብዙም አይጠብቅም፤ በአህያ ተጭኖ ቆላ የሚወርደው እህል አጥሩን አያውቀውም። ልውጠ ሕያው ማሽላ ወደ ኢትዮጵያ ይግባ የሚል ጥያቄ አንድ ቀን ቢቀርብ ባለሥልጣኑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ስለ ላይሲን፣ ስለ አቀንጭራ ወይም ስለ ድርቅ ብዙ ገጽ ይኖረዋል። «ወተት በጉንጬ» አሁን በየትኛው ማሳ፣ በምን ያህል ገበሬ እጅ እንዳለ የሚገልጽ ቆጠራ ግን ከማመልከቻው በፊት መሠራት ያለበት የኢትዮጵያ የራሷ ሥራ ነው።