ሾፌሩ አይቷል፣ ልብ አላለም

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጅ አለኝ። የሌሊት ሠራተኛ ነው። እዚያ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ይነጋል፤ እሱም እናቱ ቡና ሳያፈሉ በፊት ይደውልላቸዋል። ጆሮው ላይ ገመድ አልባ ማዳመጫ ሰክቷል፣ ሁለቱም እጆቹ መሪ ላይ ናቸው፣ ዓይኑ ከመንገዱ አይነቀልም። «ሕጉን አክብሬ ነው የማወራው» ይላል። ልክ ነው። የዲሲ ሕግ ከ2004 ጀምሮ ሾፌር ስልክ በእጁ ይዞ እንዳያወራ ይከለክላል፣ በማዳመጫ ማውራትን ግን ይፈቅዳል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ክረምት ይኸው ወዳጄ ቀይ መብራት ጥሶ የቅጣት ወረቀት ከነፎቶው ቤቱ መጣለት። መክፈሉ አይደለም ያናደደው። «ዓይኔ እኮ እዚያው መብራቱ ላይ ነበር!» አለኝ።

አመንኩት። ምክንያቱም እሱ የተናገረው ነገር ከ50 ዓመት በላይ ሲጠና የኖረ ጉዳይ ነው። አማርኛችን ራሱ «አየሁ» እና «ልብ አልኩ» የሚሉትን ለይቶ አስቀምጧል። «አይቼዋለሁ፣ ግን ልብ አላልኩትም» ስንል ማንም አይደናገርም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንን በመኪና ላይ በማስረጃ ለማሳየት ብዙ ደክመዋል፤ ሕግ አውጪዎች ደግሞ ዛሬም አልሰሟቸውም። ለምን እንዳልሰሟቸው የሚናገረው ታሪክ ነው ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት።

ታሪኩ የሚጀምረው እብደት በሚመስል ሙከራ ነው። በ1960ዎቹ ጆን ሴንደርስ የሚባል ተመራማሪ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ አውራ ጎዳና ላይ ራሱ መኪና እየነዳ ዓይኑን አስጋረደ። ጭንቅላቱ ላይ ሄልሜት አድርጓል፤ ከሄልሜቱ ላይ አንድ መከለያ ፊቱ ላይ ይወርዳል፣ ለአፍታ ይነሣል፣ እንደገና ይወርዳል። መከለያው ሲወርድ ሰውየው ምንም አያይም። መኪናው ግን ይሄዳል። የዚያን ጊዜ ፊልም ዛሬም አለ፤ ብታዩት ትስቃላችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ደግሞ ትደነግጣላችሁ።

ሴንደርስ የጠየቀው ጥያቄ ግን ቀልድ አልነበረም። ሾፌር መንገዱን ሁልጊዜ ማየት አለበት ወይስ አልፎ አልፎ ቢያይ ይበቃዋል? ቢበቃውስ ስንት ጊዜ? ሙከራውን በሁለት መንገድ አካሄደው። በአንደኛው መከለያው በተወሰነ ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል፣ ሾፌሩ ደግሞ የሚደፍረውን ያህል ፍጥነት ይመርጣል። በሁለተኛው ፍጥነቱ የተወሰነ ነው፣ ሾፌሩ ማየት ባስፈለገው ቁጥር መከለያውን ራሱ ያስነሣል። ውጤቱ በ1967 ታተመ። ፍጥነት ሲጨምር፣ መንገዱ ሲጠማዘዝ፣ ሰው ሳያይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። የሴንደርስ ማብራሪያ እንዲህ ነበር፦ ዓይን ሲዘጋ ስለ መንገዱ የያዝነው መረጃ ማርጀት ይጀምራል። ጥርጣሬ ይጠራቀማል። ጥርጣሬው ከአንድ ልክ ሲያልፍ ሾፌሩ የግድ ማየት አለበት።

ይህ ሐሳብ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2013 ለመኪና አምራቾች ባወጣው መመሪያ፣ መኪናው ውስጥ ያለ ስክሪን የሾፌሩን ዓይን በአንድ ጊዜ ከ2 ሰከንድ፣ አንዱን ሥራ እስኪጨርስ ደግሞ በድምሩ ከ12 ሰከንድ በላይ ከመንገድ እንዳያነሣ ይመክራል። ሁለት ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል። የትኛውም የከተማ መንገድ ላይ 33 ሜትር ውስጥ ስንት እግረኛ እንደሚገባ እናንተው አስሉት።

ሴንደርስ የለካው ግን የዓይንን መጋረድ ነው። ዓይኑ ክፍት ሆኖ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰውስ?

በ1969 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ኢቫን ብራውንና ሁለት ባልደረቦቹ 24 ሾፌሮችን ወደ ሙከራ ሜዳ ወሰዱ። ሜዳው ላይ የተለያየ ስፋት ያላቸው ክፍተቶች ተዘጋጅተዋል፤ አንዳንዱ መኪና ያሳልፋል፣ አንዳንዱ በጭራሽ አያሳልፍም። ሾፌሩ ማለፍ እንደሚችል ይወስናል፣ ከወሰነም ያልፋል። እየነዳ ሳለ በስልክ የሚያስብ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ በእጁ ግን ምንም አልያዘም። የተገኘው ውጤት አስገራሚ ነው። መሪ መያዙ እምብዛም አልተበላሸም። የተበላሸው ፍርዱ ነው፤ በማያሳልፈው ክፍተት ለማለፍ የሚወስኑት በዙ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው በኪስ የሚያዝ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ከመደወሉ (ሚያዝያ 1973) አራት ዓመት ቀድሞ ነው። ስልኩ ሳይወለድ ማስጠንቀቂያው ታትሞ ነበር ማለት ነው።

ብራውን ያየውን የሚያስረዳው ሥራ የመጣው መኪና ከሌለበት ቤተ ሙከራ ነው። በ1975 ኡልሪክ ናይሰርና ሮበርት ቤክለን ሁለት ፊልሞችን አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ለሰዎች አሳዩ። አንዱን ጨዋታ በትኩረት ተከታተሉ የተባሉት ሰዎች፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዓይን ሥር የሚካሄደውን ሌላውን ጨዋታ ብዙም አላወቁትም። በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ ይህንኑ ዓለም ሁሉ በሚያውቀው መልክ ደገሙት። ነጭ የለበሱት ተጫዋቾች ስንት ጊዜ ኳስ እንደተቀባበሉ ቁጠሩ ተባሉ። መሀል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ፣ ደረቱን ደቅቶ ወጣ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ ጎሪላውን አላዩትም። እኔ ራሴ ይህንን ቪዲዮ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ካላዩት ወገን ነበርኩ፤ ቁጥሩን ግን አልሳትኩም።

ወደ መንገድ እንመለስ። በ1997 የካናዳዎቹ ዶናልድ ሬደልማየርና ሮበርት ቲብሺራኒ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የጻፉት ጥናት ክርክሩን ከቤተ ሙከራ አወጣው። ቶሮንቶ ውስጥ ተጋጭተው ንብረት የተጎዳባቸውን፣ ሞባይል ያላቸውን 699 ሾፌሮች የስልክ መዝገብ መረመሩ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ስልክ የሚያወራውን ሰው ከማያወራው ጋር ቢያወዳድሩ «እሱ ድሮም ችኩል ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ስለዚህ አንዱን ሰው ከራሱ ጋር አወዳደሩ፦ ከግጭቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ደውሎ ነበር? ትናንት በዚያው ሰዓትስ? በስልክ ላይ ሳሉ የመጋጨት ዕድል አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። እጅን ነጻ የሚያደርግ ስልክ የተጠቀሙትም በእጃቸው ከያዙት የተሻሉ ሆነው አልተገኙም።

ከዚያ የዩታ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ስትሬየር መጣ። በ2001 ከዊልያም ጆንስተን ጋር ባሳተመው ሙከራ፣ ስልክ የሚያወሩ ሰዎች የሚያመልጣቸው የማቆሚያ ምልክት በእጥፍ ጨመረ፣ ያዩትንም ለመመለስ ዘገዩ። ሬዲዮ ማዳመጥ ግን እንዲህ አላደረጋቸውም። በ2003 ደግሞ የዓይንን እንቅስቃሴ የሚከታተል መሣሪያ ተጠቀሙ። ሾፌሮቹ ቀጥታ ዓይናቸውን ያሳረፉባቸውን የመንገድ ዳር ማስታወቂያዎች በኋላ ሲጠየቁ፣ በስልክ እያወሩ የነዱት በጣም ጥቂቱን ነው የለዩት። የወዳጄ ቀይ መብራት ማለት ይኸው ነው። በ2006 የስትሬየር ቡድን ስልክ የሚያወራን ሾፌር ከሰከረ ሾፌር ጋር አወዳደረ። የሰከሩት በሕግ ወሰኑ፣ ደማቸው ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል ይዘው ነዱ። በማስመሰያው መኪና ውስጥ ከፊታቸው ያለውን መኪና የገጩት ሦስት ሰዎች ሁሉም በስልክ እያወሩ የነበሩ ናቸው። ከሰከሩት አንድም አልገጨም። (ይህን አንብቦ «እንግዲያው ልጠጣ» የሚል ቢኖር፣ ሰካራሞቹ የፊተኛውን መኪና ይበልጥ ተጠግተው፣ በኃይል እያቆሙ ይነዱ ነበር።)

«ታዲያ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ጋር ሳወራስ?» ትሉ ይሆናል። ይህም ተጠንቷል። በ2008 ሾፌሮች ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ወደ አንድ ማረፊያ እንዲወጡ ተነገራቸው። ከጓደኛቸው ጋር በስልክ ያወሩት ግማሾቹ መውጫውን አለፉት። ጓደኛቸው አጠገባቸው የተቀመጠላቸው አብዛኞቹ ግን አገኙት። አጠገብ ያለ ሰው መንገዱን ያያል፤ ሲጠብ ዝም ይላል፣ «ኧረ እዚህ ጋ ነው» ይላል። አዲስ አበባ ያሉት እናት ግን ልጃቸው መስቀለኛ መንገድ መድረሱን በምን ያውቃሉ?

ፍትሐዊ ለመሆን የተቃራኒውን ወገንም እናንሣ። የቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች መኪና ውስጥ ካሜራ ተክለው ሰው በእውነተኛ ኑሮው ሲነዳ ቀረጹ። የ2009 የከባድ መኪና ጥናታቸው፣ መልእክት መጻፍ አደጋ ላይ የመድረስን ዕድል 23 እጥፍ እንደሚያደርስ አሳየ፤ እጅን በማይዝ ስልክ ማውራት ግን አደጋውን ሲጨምር አላገኙም። ይህ ክርክር አልተዘጋም። የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁ፣ ካሜራ ዓይን የት እንዳለ ያያል እንጂ ልብ የት እንዳለ አያይም። መልእክት መጻፍ ከማውራት የከፋ መሆኑን አምናለሁ። «ስለዚህ በማዳመጫ ማውራት ደህና ነው» የሚለው መደምደሚያ ግን ከዚህ አይወጣም።

ሕጎቹ ግን የተጻፉት በዚያ መደምደሚያ ላይ ነው። ኒው ዮርክ በ2001 ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያ ሆና ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትን ከለከለች፣ ማዳመጫን ፈቀደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። በ2003 የፌዴራሉ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ነገሩ ስለከነከናቸው በ10,000 ሾፌሮች ላይ ትልቅ ጥናት ይደረግ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ለክልል ገዢዎች የሚልኩት ረቂቅ ደብዳቤም አዘጋጁ፤ እጅን ነጻ የማድረግ ሕግ ብቻውን ችግሩን እንደማይፈታ ይናገራል። ባለሙያዎቹ በ2002 ብቻ ከስልክ ጋር የተያያዘ የ955 ሰዎች ሞት ገምተው ነበር። ጥናቱ አልተካሄደም፣ ደብዳቤውም አልተላከም። ሰነዱ ይፋ የሆነው ሁለት የሕዝብ ጥቅም ድርጅቶች በመረጃ ነጻነት ሕግ ከስሰው ካወጡት በኋላ በ2009 ነው። የመሥሪያ ቤቱ የዚያን ጊዜ ኃላፊ ጄፍሪ ሩንጌ ለኒው ዮርክ ታይምስ እንደተናገሩት፣ ሳይወዱ በግድ የተስማሙት በፖለቲካ ምክንያት ነው። የምክር ቤቱን አባላት ማስቀየም አልተፈለገም። ያ ሁሉ ሾፌር በማዳመጫው ተማምኖ ሲነዳ፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

በመስከረም 2011 ጆን ሴንደርስ ለዚያ የመከለያ ሙከራው «መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ» ሥራ የሚሸለምበትን የኢግ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አዳራሹ ሳቀ። በታኅሣሥ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ግዛቶች ሁሉ፣ ከድንገተኛ አደጋ በቀር፣ ሾፌር በማንኛውም ስልክ እንዳይጠቀም እንዲከለክሉ ጠየቀ፤ በማዳመጫም ቢሆን። ለሁሉም ሾፌር ይህን ሕግ ያወጣ አንድም ግዛት የለም።

ወዳጄ ቅጣቱን ከፍሏል። አሁን የሚደውለው ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ቆሞ ነው። እናቱ «ምነው ዛሬ ድምፅህ ጥርት አለ» እንዳሉት ነግሮኛል።