አርበኛ፣ ዘማች፣ የቀድሞ ሠራዊት፦ ስለ አርበኞች ማህበራት የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት ሊያውቀው የሚገባ

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ሲደርስ ስልካችን ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ይዘዋወራል። ጎፈር የደፉ፣ ካባ የደረቡ፣ ደረታቸው በሜዳልያ የተሞላ አባቶችና እናቶች አራት ኪሎ የድል ሐውልት ሥር ቆመው። ላይክ አድርገን እናልፋለን። ግን እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ማህበራቸው ምን ይሠራል? ኮሪያ የዘመቱትስ ከእነሱ ጋር አንድ ናቸው ወይ? በደርግ ጊዜ ወታደር የነበረው ጎረቤታችንስ የት ይመደባል?

ለዚህ ሁሉ መልሱን አንድ ቦታ እንድታገኙት ይህን አዘጋጅተናል። ሴቭ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል።

📌 መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

እኛ ሁሉንም «አርበኛ» ብለን እንጠቅልላቸው እንጂ ቃላቱ ይለያያሉ።

▪️ አርበኛ፦ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ጣሊያንን በዱር በገደል የተዋጋ።
▪️ የውስጥ አርበኛ፦ ጠላት በያዘው ከተማ እየኖረ መረጃ፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ስንቅ ለአርበኛው የሚያቀብል። ከእነዚህ ውስጥ ሴቶች ብዙ ናቸው።
▪️ ስደተኛ፦ በዚያው ዘመን ከሀገር ወጥቶ የቆየ። ከድል በኋላ ለአርበኛም ለስደተኛም የየራሳቸው ሜዳልያ ተሰጥቷል።
▪️ ዘማች፦ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ ጦር ሜዳ የሄደ። «የኮሪያ ዘማች» የምንለው ለዚህ ነው።
▪️ የቀድሞ ሠራዊት አባል፦ ብዙ ጊዜ እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው ሠራዊት ውስጥ ያገለገለ።
▪️ የጦር ጉዳተኛ፦ በውጊያ አካሉ የተጎዳ።
▪️ የቀድሞ ተዋጊ፦ ከቅርቡ ጦርነት በኋላ ትጥቅ ፈትተው ወደ ኑሯቸው ለሚመለሱ ሰዎች የሚሠራበት ቃል።

ልዩነቱ ለወሬ ያህል አይደለም። ማን በየትኛው ማህበር እንደሚታቀፍና የትኛው ቢሮ እንደሚያስተናግደው የሚወሰነው በዚህ ነው።

📌 ደሴና ኮምቦልቻ በዚህ ታሪክ ውስጥ የት አሉ?

መሀል ላይ። ቅደም ተከተሉን እንየው።

1881 ዓ.ም.፦ ለአድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው ውል የተፈረመው እዚሁ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ ነው። ቀኑ ሚያዝያ 25።

1888 ዓ.ም.፦ አጼ ምኒልክ ለአድዋ ክተት ሲያውጁ የሸዋ ሰው ወረኢሉ ላይ እንዲጠብቃቸው አዘዙ። ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዘመቱ። ዛሬ ደሴ ላይ የምናየውን አይጠየፍ አዳራሽ ያሠሩት እሳቸው ናቸው።

1928 ዓ.ም.፦ ጣሊያን በሰሜን በኩል ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ደሴ አደረጉ። ኅዳር 26 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቧት። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልና ድንኳን ሳይቀር ተመታ። በሰዓቱ የውጭ ጋዜጠኞች ከተማ ውስጥ ስለነበሩ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ንጉሡ በመትረየስ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየው ታዋቂ ፎቶም የደሴ ነው። ከአራት ወር ተኩል በኋላ፣ ሚያዝያ 7፣ ጣሊያን ደሴ ገባ። የወሎ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። አዲስ አበባ የቆመላቸውን ሐውልት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የወሎ ጳጳስ እንደነበሩ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

1930 ዓ.ም.፦ በዋግ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ተነሥተው ተዋጉ፣ መስከረም ላይም ተሰዉ።

1933 ዓ.ም.፦ የደቡብ አፍሪካ ጦርና ኢትዮጵያውያን አርበኞች ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሲገሰግሱ ትልቁ ግጥሚያ የተደረገው ኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ ነው። ጣሊያን እዚያ የመሸገው አለምክንያት አልነበረም። ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ የሚገነጠልባት፣ ወደ ደሴ የሚወጣውም ዳገት የሚጀምርባት በር ነች። በሩ ሲሰበር ደሴ ነፃ ወጣች፣ በሺህ የሚቆጠር የጣሊያን ወታደርም ተማረከ። ይህ የሆነው ንጉሡ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ከመግባታቸው ቀደም ብሎ ነው።

1983 ዓ.ም.፦ ግንቦት ላይ ኢሕአዴግ «ዋለልኝ» ባለው ዘመቻ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ። የሠራዊቱ አባላት ተበትነው፣ ብዙዎቹ በእግራቸው፣ ወደየቤታቸው ተመለሱ።

2014 ዓ.ም.፦ ይሄን ራሳችን አይተነዋል። ከተሞቹ ጥቅምት መጨረሻ ላይ በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፣ መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ነው። ቀኑን አስተውሉት። ከ1928ቱ የቦምብ ድብደባ ጋር የሚለያየው በአንድ ቀን ብቻ ነው።

📌 ማህበራቱ የትኞቹ ናቸው?

1️⃣ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማህበር

ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ሲሆን በክልሎችም ቅርንጫፎች አሉት። የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆችም ይታቀፉበታል። ይህ ባይሆን ኖሮ ማህበሩ ከአባላቱ ጋር አብሮ ያልቅ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ1933 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ መቶ ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ በበዓሉ ላይ ከምታዩዋቸው ብዙዎቹ የአባታቸውን ሜዳልያ ያደረጉ ልጆች ናቸው። አንዳንዱ «እኚህ እኮ ለጣሊያን ጊዜ አይደርሱም» እያለ ኮሜንት ላይ ይቀልዳል። ሐሰተኞች ሆነው አይደለም፣ አደራ ተቀባዮች ስለሆኑ ነው።

2️⃣ የኮሪያ ዘማቾች ማህበር

የቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮሪያ ዘመተ። «ቃኘው» የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። በድምሩ 6,037 ወታደሮች እየተፈራረቁ ሄደው ከ120 በላይ ተሰውተዋል፣ 536 ቆስለዋል። የተማረከባቸው ሰው የለም። ለምን ሄዱ? ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሡ ጄኔቭ ላይ «አንድ ሀገር ሲወረር ሌላው ዝም ካለ ነገ በእናንተም ይደርሳል» የሚል ይዘት ያለው አቤቱታ አቅርበው ሰሚ አጥተው ነበር። ኮሪያ ላይ ኢትዮጵያ ራሷ የጠየቀችውን ለሌላው አደረገች። በደርግ ጊዜ ግን ዘማቾቹ ከኮሚኒስት ጋር የተዋጉ ናቸው ተብለው ተገፍተዋል። ዛሬ ደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ላይ መታሰቢያ አቁማላቸዋለች፣ ለልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት ዕድል ይሰጣል። አያታችሁ ቃኘው ከነበሩ ወረቀታቸውን እንዳትጥሉ የምንላችሁ ለዚህም ጭምር ነው።

3️⃣ የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች

በ1983 ዓ.ም. እነሱን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሥርቶ ነበር። ከቅርቡ ጦርነት በኋላ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በሰባት ክልሎች 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ኑሯቸው ለመመለስ አቅዷል። አማራ ክልል አንዱ ነው።

📌 ቅርንጫፍ ማህበር ምን ይሠራል?

ሰው የሚያየው የበዓሉን ቀን ብቻ ነው፦ የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን፣ የካቲት 23 አድዋ፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን። ዋናው ሥራ ግን በመሀሉ ባሉት ወራት ነው። አባል ሲታመም መጠየቅ፣ ሲሞት ሜዳልያውንና ታሪኩን ይዞ በክብር መሸኘት፣ ወረቀት የጠፋበትን ማስረጃ እንዲያገኝ መርዳት፣ ትምህርት ቤት ሲጠራ ሄዶ መናገር። ከዕድር ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ፣ ዕድር ሰውየውን ይቀብራል፣ ማህበሩ ታሪኩ አብሮ እንዳይቀበር ይጥራል።

አዲስ ማህበር ማቋቋም የሚፈልጉ ደግሞ ሕጉ አለ። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይባላል። የሀገሬው ማህበር የመተዳደሪያ ደንቡንና የመሥራቾች ቃለ ጉባኤውን ይዞ ይመዘገባል።

ማህበርና ጡረታ ግን አይምታታባችሁ። ማህበሩ ጡረታ አይከፍልም። የወታደር ጡረታ በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ የሚታይ ነው፤ ባለመብቱ ሲሞት ለሚስት ወይም ለባል፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆችና በእሱ ይጦሩ ለነበሩ ወላጆች ይተላለፋል። «በማህበሩ በኩል ጡረታ አስጨርስልሃለሁ፣ ገንዘብ አምጣ» የሚል ሰው ከመጣ ተጠንቀቁ፣ ለአያቶቻችሁም ንገሯቸው።

📌 ለምን አሁን?

የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል፣ ተጎድቷል። እዚያ የነበረው ብዙ ነገር ዛሬ የለም። ስለዚህ የወሎ የአርበኝነት ማስረጃ የቀረው በየቤቱ ነው፦ ሣጥን ውስጥ ያለ ሜዳልያ፣ ማኅተም ያለበት ቢጫ ወረቀት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ፣ ከሁሉም በላይ የሽማግሌዎች ትዝታ። ሙዚየም ቢዘረፍ ጥቂቱ ተፈልጎ ሊመለስ ይችላል። የሞተ ሰው ትዝታ ግን አይመለስም።

እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ለዚህ ይበቃል።

✅ መጀመሪያ አስፈቅዱ። «አባባ፣ ድምፅዎን ልቅዳ?» ማለት ግዴታ ነው። እምቢ ካሉ በቃ።
✅ ጸጥ ያለ ቦታ ምረጡ፣ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ቪዲዮ ከሆነ ስልኩን አግድም ያዙት።
✅ መጀመሪያ ላይ ቀኑንና ቦታውን ራሳችሁ ተናገሩ።
✅ ጥያቄው አጭር ይሁን፦ የት ተወለዱ? አባትዎ ከማን ሥር ዘመቱ? የፈረስ ስማቸው ማን ነበር? ስንቅ ማን ያቀብል ነበር? እናትዎስ የት ነበሩ? የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት፤ የውስጥ አርበኞቹ ታሪክ የሚገኘው እሱ ጋ ነው።
✅ ሜዳልያውን ከፊትም ከኋላም አንሱት። ለማሳመር ብላችሁ አትፈትጉት፣ ጽሑፉ ይጠፋል።
✅ ወረቀቱን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱ። ቁርኣን ወይም ዳዊት ኅዳግ ላይ የተጻፈ የልደትና የሞት ቀን ካለ እሱንም።
✅ ሦስት ቦታ አስቀምጡት፦ ስልክ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ የሌላ ዘመድ ስልክ። አንድ ቅጂ ለማህበሩ ወይም ለሙዚየሙ ብትሰጡ ለሌላውም ይተርፋል።
✅ «ልግዛችሁ» ለሚል ሰው አትቸኩሉ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማስወጣት በሕግ የተከለከለ ነው።

⚠️ አንድ ማሳሰቢያ። የጣሊያን ጊዜ ታሪክና የትናንቱ ጦርነት አንድ አይደሉም። ከቅርቡ ጦርነት የተመለሰ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ስማቸውን፣ ፊታቸውን፣ የነበሩበትን ክፍል ፖስት አታድርጉ። ቁስሉ ገና ነው፣ ለእነሱም ለቤተሰብም አደጋ ሊሆን ይችላል። «ስንት ሰው ገደልክ?» የሚባል ጥያቄም አይጠየቅም። አብሮ ቡና መጠጣትና ሲፈልጉ መስማት ይበቃል።

ሽማግሌው ካላስታወሱ፣ ቀን ቢያምታቱም፣ አብሽሩ። ቀኑን በኋላ ከመጽሐፍ ማስተካከል ይቻላል። እሳቸው የነገሯችሁ ግን መጽሐፍ ላይ የለም።

ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ ለወንድም ለእህቶቻችሁ ሼር አድርጉና አንዳችሁ ዛሬ ማታ ጀምሩት።